የመጨረሻው ዙር ደወል

ባለቤቴ ጭቃ ትጠላለች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ኋላ የሚመጣውን ሰምታችሁ «ድሮም ሳትወደው አትቀርም» እንዳትሉኝ ነው። ላውንደሪ ያላት ሴት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ልብስ ላይ ጭቃ ስታራግፍ፣ ወጥ ስታስለቅቅ፣ ቀለም ስትፈትግ ኖራለች። ልጃችን ትንሽ ሆና ሜዳ ላይ ተጫውታ ስትመጣ በር ላይ ታቆማትና መጀመሪያ የሚታጠበው ጫማዋ ነበር፤ ልጅቷ ቀጥላ ትታጠባለች። እንግዲህ ሃምሳን ልትደፍን ጥቂት ሲቀራት፣ ይህችው ሴት ብስክሌት ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብታ ስትሮጥ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ጢሙን እየላጨሁት እንኳ ከት ብዬ እስቅበት ነበር።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ፀጉር ቤቴና የእሷ ላውንደሪ ጎን ለጎን ናቸው፤ መሃላቸው አንድ በር አለ፤ ከኋላ ደግሞ የምንኖርባቸው ክፍሎች አሉ። በእሷ በኩል ካውያው እንፋሎት ሲተፋ፣ በእኔ በኩል ቶንዶሱ ሲያጉረመርም እንውላለን። ደንበኛ ልብሱን የሚያስረክብበት ጠረጴዛ ላይ አናቷን ሲመቷት የምትጮህ ትንሽ ደወል ተቀምጣለች። የቤታችን እውነተኛ አዛዥ እሷ ናት። ባለቤቴ ምሳ ልትበላ ስትቀመጥ ትጮኻለች። ሻይ ስትቀዳ ትጮኻለች። አንድ ጊዜ ከእህቷ ጋር በስልክ እያወራች ሳለ ጮኸችና «ቆዪኝ፣ መጣሁ» ብላ ስልኩን አስቀምጣ ሄደች፤ በዚያው ረሳችው፤ እህቷ እስከ ዛሬ ቂም ይዛለች። ምሳዋን ሁልጊዜ እየተነሳች እየተቀመጠች ነው የምትበላው፤ የመጨረሻዎቹ ጉርሻዎች እንደቀዘቀዙ ይዋጣሉ።

ነገሩ በዚያች ደወልም የተጀመረ አይደለም። አሥረኛ ክፍል ሳለች አባቷ ታመው ከትምህርት መሃል አስጠርተው ወሰዷት፤ አልተመለሰችም። ከተጋባን በኋላ ዋና ልትማር ተመዝግባ እጇን ማወናጨፍ እንደጀመረች ልጃችን ተፀነሰች። ሰርግ ላይ እንኳ ከጭፈራ መሃል ይጠሯታል፤ «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ ይቺ ቀሚስ ላይ ምን እንደፈሰሰባት እስቲ እዪልን» ይሏታል። እሷም ትሄዳለች። «የጀመርኩትን ነገር መጨረሻውን ሳላይ አረጀሁ እኮ» ትለኝ ነበር እየሳቀች። እሷ ስለምትስቅ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ጭቃውን ወደ ቤታችን ያመጣችው አንዲት የጥርስ ሐኪም ናት። ከእኛ አንድ መንገድ ወዲያ ክሊኒክ ያላት፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሴት ናት። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አንድ ከረጢት ሙሉ ማሊያና ቁምጣ ታመጣለች፤ ልብስ መሆኑ የሚታወቀው ከታጠበ በኋላ ነው። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስታጥብ ቆይታ አንድ ሰኞ አልቻለችም።

«ዶክተር፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ የሚነቅሉት ጥርስ ነው ወይስ ድንች?» አለቻት።

ሐኪሟ ጠረጴዛውን ተደግፋ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ አስረዳችን። ሳይክሎክሮስ የሚባል የብስክሌት ውድድር ነው። አስፋልት የለም፤ ሣር ነው፣ ጭቃ ነው፣ አሸዋ ነው። መንገዱ ላይ ሆን ብለው ሳንቃ ያጋድማሉ፣ ቁልቁለትና አቀበት ይመርጣሉ፤ መንዳት የማይቻልበት ቦታ ሲደርሱ ወርደው ብስክሌቱን ይሸከሙና ይሮጣሉ።

«ታዲያ ከተሸከሙት ለምን ቤት ትተውት አይመጡም?» አልኩ እኔ በመሃሉ በር ብቅ ብዬ።

በሚቀጥለው እሁድ ባለቤቴ ልታይ ሄደች። «ይሄ ጭቃ ከየት እንደሚመጣ በዓይኔ ልየው» ነው ያለችው፤ እኔም የሥራ ጉዳይ ነው ብዬ ተውኳት። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ ፀጉሯ ንፋስ በትኖታል፤ ጫማዋን በር ላይ ሳታወልቅ ቀጥ ብላ ገባች። የደነገጥኩት ያኔ ነው። ጭቃው ምንጣፉ ላይ ተከትሏት እየመጣ፣ «ወጣቶች ብቻ እኮ አይደሉም» አለችኝ። «እንደኔ የወፈሩም አሉ።»

ሐኪሟ የድሮ ብስክሌቷን አዋሰቻት። ልምምዱ ከተማው ጫፍ ላይ ካለው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ሥራ ካቆመ የሸክላ ፋብሪካ ጀርባ። የመጀመሪያውን ቀን እኔና ልጃችን ጃንጥላና ፔርሙዝ ይዘን ልናይ ሄድን። ልጃችን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ሥራም ይዛለች፤ ሆኖም በእናቷ ለመሳቅ የሚሆን ጊዜ አታጣም።

ባለቤቴ ብስክሌት መንዳት ከልጅነቷ ጀምሮ ትችላለች። ችግሩ ሌላ ነው። ጭቃ ባየች ቁጥር ፍሬን ትይዛለች፣ ትወርዳለች፣ ብስክሌቱን በሁለት እጇ አንስታ በደረቁ ዳር በኩል እርምጃዋን እየመረጠች ታልፋለች፣ ከዚያ እንደገና ትወጣለች።

«በመሃል ግቢ!» ትላለች ሐኪሟ።

«ይቆሽሻል!»

«ምኑ?»

«ብስክሌቱ ነዋ!»

ልጃችን ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ እኔ ልሙት፣ ተሸክማ ቤት ድረስ ታመጣዋለች» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ልዋሽ።

ግን ወደ ሳንቃዎቹና ወደ ገደላማው አቀበት ስትደርስ የሳቅነው አፈርን። ሐኪሟ ብስክሌት እንዴት እንደሚሸከሙ ልታሳያት ስትዘጋጅ ባለቤቴ አንዴ እጇን በብረቱ መሃል አሾልካ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችውና አቀበቱን ወጥታ ጨረሰች። እርጥብ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ ማስጫው ሰገነት ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ የኖረች ሴት ናት፤ ብስክሌት ከታጠበ ብርድ ልብስ ይቀላል። ሐኪሟ ከታች አፏን ከፍታ ቀረች፤ ጥርሶቿ በጣም ጥሩ ናቸው፣ ያን ቀን ሁሉንም አየኋቸው።

ጭቃው ግን ቀስ በቀስ ነው የተሸነፈላት። መጀመሪያ ወደቀች። ቀጥላ ደግሞ ወደቀች። አንድ ቀን በፊቷ ተደፍታ ተነሳችና ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ እጅጌዋን አይታ፣ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ከዚያ በኋላ መሃል መሃሉን ሆነ። ቤት ስትመጣ የምታወራው ሌላ ሆነ።

«ታውቃለህ? ከዝናብ በኋላ ሣሩ ይሸታል።»

«ታዲያ ይሄ አዲስ ነገር ነው?»

«ለእኔ አዲስ ነው። እኔ ዝናብ ሲዘንብ የማስበው ልብሱ መቼ ሊደርቅ ነው እያልኩ ነው።»

ሌላ ቀን ደግሞ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሜዳው ላይ ስለሚወርደው ጉም አወራችኝ። ጉንፋን ትይዣለሽ አልኳት። «በእንፋሎት ውስጥ ተወልጄ በእንፋሎት ውስጥ ልሙት?» አለችና እንቁላሏን በላች። እኔ የቤት ሰው ነኝ፤ ወንበር እወዳለሁ፤ ደጅ የሚባለውን ነገር ከመስኮት ነው የማደንቀው። ቢሆንም እሷ ስታወራ ሳላስበው ምላጬን አስቀምጬ እሰማ ነበር፤ ደንበኛው ግማሽ ጢሙን ይዞ ይጠብቀኛል።

ውድድሩ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ነው። ደንቡን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ያንኑ መንገድ አራት ጊዜ ይዞራሉ። ከፊት የምትመራዋ አንድ ሙሉ ዙር ቀድማሽ ከኋላ ከደረሰችብሽ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ አንቺ ከመሃል ትወጫለሽ። ካልደረሰችብሽ ደግሞ የመጨረሻውን ዙር ስትጀምሪ መስመሩ ላይ ደወል ይደወልልሻል። ፊሽካውንም ደወሉንም የያዙት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጢማቸው በሥርዓቱ የተከረከመ፣ ፈገግታ የማያውቁ ሰው። ባለፊሽካው እንላቸዋለን።

የመጀመሪያው ውድድር ላይ ፊሽካ ተነፋባት። ሁለተኛው ላይም ተነፋባት። ሦስተኛው ላይ ደወል የሚደወልበት መስመር እየታያት፣ አንዲት ቢጫ ማሊያ የለበሰች ወጣት ሁሌም እንደምታደርገው ከኋላ እንደ ነፋስ መጥታ አለፈቻት፣ ፊሽካውም ጮኸ። ባለቤቴ ብስክሌቱን እየገፋች መንገዱን ካጠረው ሪባን ውጭ ወጣችና አጠገቤ ቆመች። ሻይ ቀዳሁላት፤ አልጠጣችውም። የሌሎቹን ደወል ስትሰማ ቆየች።

በመኪና ስንመለስ ላስቃት ብዬ፣ «ቤት ያለችውን ደወል ልትሰብሪያት ስትዝቺ ኖረሽ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ደወል ፍለጋ ትሮጫለሽ?» አልኳት።

«ያችኛዋ ነይ ነው የምትለኝ» አለች መስኮቱን እያየች። «ይሄኛው ሂጂ ነው የሚለኝ።»

ማሞቂያውን ከፈትኩላት። 

ክረምቱ እያለቀ ሲሄድ አንድ ውድድር ብቻ ቀረ። ምሳ ላይ፣ ከሁለት ደንበኛ መሃል፣ ቁርጡን ነገረችን። «በዚህኛው ደወሉን ካልሰማሁ ብስክሌቱን ለዶክተር እመልሳለሁ። በየውድድሩ በፊሽካ መባረር ከዚህ በላይ አልችልም። ከመሃል ተነሺ መባል የት አነሰኝና ነው ሜዳ ድረስ ሄጄ የምፈልገው?» አለች። ደወሏ ጮኸች፤ ተነስታ ሄደች። ልጃችን እኔን አየችኝ፤ እኔ ሳህኑን አየሁ። ልደሰት ይገባኝ ነበር፤ እሁዴ ሊመለስልኝ፣ ምንጣፌ ሊነጻልኝ ነው። ግን ጉሙን ማን ሊነግረኝ ነው?

ከውድድሩ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ ብስክሌቱን ወደ ላውንደሪው አስገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ብስክሌቱ ፊት የሚያሳይ ሆኗል። ከጎማው እስከ መሪው ያበራል። የፔዳሉ ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ የሙሽራ ሐብል መስሏል። «ነገ በክብር ነው የምሄደው» አለች። እኔም አዲስ ካፖርት እንደሚያይ ሰው ዞር ዞር ብዬ አየሁና አደነቅሁ።

እሁድ ጠዋት ደረስን። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ሜዳው ሊጥ ሆኗል። ባለቤቴ ብስክሌቱን ከመኪናው አውርዳ ወደ መነሻው ስትገፋው ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ሐኪሟ ከሩቅ ሰምታ መጣች። ጎንበስ ብላ ካቴናውን በጣቷ ነካችው፤ ጣቷን አየችው፤ ምንም የለበትም።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በቅባት ማስለቀቂያ ነዋ!» አለች ባለቤቴ ደረቷን ነፍታ። «ግራሶ በግራሶ ሆኖ ነበር። ከካቴናውም፣ ከኩሽኔታውም፣ ከየስርቻው አንድ ሳላስቀር አወጣሁለት። እድፍ እንዲህ በቀላሉ ለቆልኝ አያውቅም።»

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች። ጥርሱን እንዳይነካ የተነገረው ሕመምተኛ በብሎን መፍቻ ነካክቶት ሲመጣ ይህንኑ ሳታደርግ አትቀርም። «የኔ እመቤት፣ ግራሶው እኮ እድፍ አይደለም» አለቻት ቀስ ብላ። «ያለ እሱ ካቴናው ይበጠሳል።»

የባለቤቴ ፊት ሲለወጥ አየሁና አንጀቴን በላችው። ቅባትን ዕድሜዋን ሙሉ ስታሳድድ ኖራለች፤ አንድ ቀን ቢፈለግ ምን ታድርግ? ኪሴን ዳበስኩ። የቶንዶስ ዘይቴ ጠርሙስ ካፖርቴ ውስጥ ነበረች፤ አውራ ጣት የማታክል ነገር ናት፣ ሁልጊዜ እዚያው ናት። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ ካቴናው ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁ። አዎ፣ እኔ፣ ያውም በእሁድ ሱሪዬ። ጠርሙሷ ስታልቅና ባለፊሽካው ሲያስነሷቸው አንድ ሆነ።

ዘይቷ ለሁለት ዙር አገለገለች። ጭቃው ከባድ ስለሆነ ማንም እንደ ልቡ አይነዳም፤ ቢጫዋ ወጣት እንኳ እየወረደች ትሸከማለች፣ እየተንሸራተተች ታማርራለች። ባለቤቴ የመጨረሻዋ ናት፣ ግን ርቀቱ እንደ ወትሮው አልሰፋም። «አባዬ፣ ዛሬ እኮ ትችላለች» አለች ልጃችን። እየሳቀች አልነበረም።

ሦስተኛው ዙር እንደተጀመረ ከታች ጥምዝምዙ ላይ ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ካቴናው ተበጥሶ እንደ እባብ ጭቃው ውስጥ ተዘረጋ። ባለቤቴ ወረደች። ካቴናውን አየችው፤ ወደ እኛ ቀና አለች። አለቀ ብዬ ወደ መኪናው ልሄድ ዞርኩ። ልጃችን ክንዴን ያዘችኝ።

ካቴናውን አንስታ ኪሷ ከተተችው፤ ጭቃ እንደነካው፣ ሳትጠርገው። ብስክሌቱን ትከሻዋ ላይ ጣለች። መሮጥ ጀመረች።

እርጥብ ብርድ ልብስ አስቡ። ደረጃው ሰፋ፣ ረዘመ፣ ሜዳ አከለ እንበል። እንደዚያ ነው የሮጠችው፤ ፈጣን አይደለም፣ ግን አይቆምም። ሌሎቹ ይነዳሉ፣ ይይዛቸዋል፣ ይወርዳሉ፣ ይሸከማሉ፣ እንደገና ይወጣሉ፤ እሷ መውጣትና መውረዱ የለባትም። ሳንቃውን ዘለለች። አቀበቱን ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ቢጫዋ ወጣት የመጨረሻውን ዙር ደወሏን ሰምታ አልፋ ስትሄድ ባለቤቴ አሁንም አልተደረሰባትም ነበር። ግን ቢጫዋ ዙሩን ጨርሳ ከመምጣቷ በፊት እሷ መስመሩን አልፋ የራሷን የመጨረሻ ዙር መጀመር አለባት። ካልሆነ ፊሽካ ነው።

ከላይ ጥምዝምዙ ላይ ብቅ ስትል ከኋላዋ ቢጫው ማሊያ ታየ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። «እሜቴ! ሩጪ! መጣችብሽ! ሩጪ!» እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ልጄ በኋላ እንደነገረችኝ አጠገባችን የነበረ ውሻ ሸሽቷል። ባለፊሽካው ፊሽካቸውን ወደ አፋቸው አነሱ። ቢጫዋ ቀረበች። ባለቤቴ ወደ ኋላ አልዞረችም። ብስክሌቱ ትከሻዋ ላይ እየዘለለ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ፊቷ በጭቃ ተሸፍኖ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ፣ የቢጫዋ የፊት ጎማ ተረከዟ ላይ ሊወጣ ምንም ሳይቀረው መስመሩን ረገጠች።

ባለፊሽካው ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡት። ደወሉን አንስተው ደወሉ። አንድ ጊዜ ብቻ መደወል ሲበቃ ዝም አላሉም፤ እስክታልፋቸው ድረስ ደወሉላት።

ባለቤቴ ቆመች። መሃል መንገድ ላይ፣ ብስክሌት እንደተሸከመች። አለቀሰች መሰለኝ፤ የፊቷ ጭቃ ላይ ሁለት ንጹህ መስመሮች አይቻለሁ። ከዚያ ትከሻዋን አስተካክላ ሄደች።

ያ ዙር ረዘመ። የቀሩት ሁሉ ጨርሰው ተጣጠቡ፣ ሻይ ጠጡ፤ ሁለት ሠራተኞች ሪባኑን ከኋላ ከኋላዋ እየጠቀለሉ ይከተሏታል፤ ደግነታቸው አይቀድሟትም። ዝናቡ እንደገና ሲያካፋ ጃንጥላውን ይዤ ገብቼ ልከልላት ጠጋ አልኩ።

«ውጣ» አለችኝ እያለከለከች። «ቁጭ ብለህ ጠብቀኝ። ይሄ የእኔ ዙር ነው።»

ወጣሁ። ባለፊሽካው ጠረጴዛቸው ተጣጥፎ መኪና ላይ ተጭኖ እንኳ መስመሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ስትደርስ ኮፍያቸውን አነሱላት። ሐኪሟ አቅፋት ጭቃ በጭቃ ሆነች። «ብስክሌቱን መልሼልሻለሁ እንዳትይኝ» አለቻት ሐኪሟ፤ «ካቴና ገዝተሽ ነው የምትመጪው።» ባለቤቴ ከኪሷ የተበጠሰውን አውጥታ አየችውና፣ «በአዲሱ ላይ ግራሶ ራሴ ነኝ የምቀባው» አለች።

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ምሳ ቀረበ። ባለቤቴ ትከሻዋ በልዞ ማንኪያውን በሌላው እጇ ነው የያዘችው። ስለ ጭቃው ጠረን እያወራችልን ሳለ ከወዲያ በኩል ደወሏ ጮኸች። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ጉልበቷ ቀጥ ሊል ጀመረ።

«ቁጭ በይ» አልኳት፤ ተነሳሁ።

ደንበኛው ግራጫ ኮቱን ፈልጎ የመጣ ሰውዬ ነበር። ግራጫ ኮት ስንት ዓይነት እንዳለ አላውቅም ነበር። የሰውን ሠርግ ልብስ አወረድኩ፣ የሌላውን ሱሪ ጣልኩ፣ መስቀያው ራሴን መታኝ፤ ሰውዬው እንኳ አዝኖልኝ ራሱ ገብቶ ፈለገ። በመሃሉ በር በኩል የእሷና የልጃችን ሳቅ ይሰማኛል። እንደ ምንም ኮቱን አግኝቶ ሲሄድ ላብ በላብ ሆኜ ተመለስኩ።

የእኔ ምግብ ቀዝቅዟል። የእሷ ሳህን ባዶ ነበር።